የብሮውዘር ኢንጅን ለሌላ ቋንቋ ሲከፈት

ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል በሚገኝባት ወረታ አንድ ወጣት ለፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራቾች መተግበሪያ ይሠራል እንበል። የዘርና የአረም ምክሩን በድረ ገጽ መልክ አዘጋጅቷል፤ መተግበሪያውን የሚጽፈው በፓይተን ነው። ገጾቹ በመተግበሪያው መስኮት ውስጥ እንዲታዩ የብሮውዘር ኢንጅን ማስገባት አለበት። ኢንጅኑ ግን የተጻፈው በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በራስት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው በይነገጽ እንዴት ይነደፍ? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ በይነገጹ በሲ ቋንቋ የአጠራር ሥርዓት ይውጣ። ሲ ፕላስ ፕላስ የፈንክሽኖቹን ስም እንደ ኮምፓይለሩ ይለዋውጣል፤ ራስትም መረጃ በሚሞሪ ላይ የሚደረደርበትን መንገድ፣ ካልተጠየቀ በቀር፣ ለውጭ ሰው ዋስትና አይሰጥም። የሲ ሥርዓት ግን የታወቀ ነው፤ ፓይተንም ጃቫም ጎም ይጠሩታል። የክሮሚየምን ኢንጅን በሌላ መተግበሪያ ውስጥ ለማስገባት የሚያገለግለው፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ክሮሚየም ኢምቤድድ ፍሬምወርክ ወደ ውጭ የሚያወጣው ሲን ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላሱ በላዩ የተደረበ ነው። ሌላው ኢንጅን፣ ዌብኪት ጂቲኬ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል፦ የእያንዳንዱን ፈንክሽን ጠባይ ማሽን በሚያነበው መልክ ስለሚገልጽ ፓይተን ኢንጅኑን የሚጠራበት ድልድይ በእጅ ሳይጻፍ ይገኛል። እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህን መንገድ ነው።

ቀጥሎ የባለቤትነት ጉዳይ አለ። ኢንጅኑ የገጹን ርዕስ ሲመልስ ያንን ሚሞሪ ማን ይለቅቃል? ሁለቱም ከለቀቁት ፕሮግራሙ ይወድቃል፤ ማንም ካልለቀቀው ሚሞሪው እየሞላ ይሄዳል። የፎገራ ላሙን ለርቢ የሚሰጥ ሰው ላሚቱ የማን እንደሆነች አስቀድሞ እንደሚነጋገር ሁሉ፣ በይነገጹም «ተላልፏል» ወይም «አልተላለፈም» ብሎ በየፈንክሽኑ ይናገር።

አሁን ለእኛ ወደሚብሰው ነገር እንምጣ፤ ጽሑፍ። «ፎገራ» ሦስት ፊደል ነው። በዩቲኤፍ-8 ግን 9 ባይት ይይዛል፣ በዩቲኤፍ-16 ደግሞ 3 አሃድ። በይነገጹ «ርዝመት» ብሎ የምን ርዝመት እንደሆነ ካልተናገረ፣ አንዱ ወገን 9 ሲልክ ሌላው 3 ብሎ ይቆርጣል፤ «ፎ» ብቻ ትቀራለች። 8 ላይ ከተቆረጠ «ራ» ተሰብራ የማይነበብ ምልክት ትሆናለች። በእንግሊዝኛ ብቻ የሞከረ ነዳፊ ይህን ስህተት አያየውም፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነውና። «በዩቲኤፍ-16 እንቁጠር፣ ፊደላችን አንድ አንድ አሃድ ነው» የሚል ቢመጣም አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በዩኒኮድ 14 የተጨመሩት የጉራጌ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሁለት አሃድ ይወስዳሉ። ስለዚህ አንድ ሥርዓት፣ ዩቲኤፍ-8፣ ይመረጥ፤ ርዝመቱም በባይት ተቆጥሮ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ይላክ።

በመጨረሻ፣ ዛሬ ገጹ የሚሠራው ብዙ ጊዜ በሌላ ፕሮሰስ ውስጥ ስለሆነ መልስ ወዲያው አይመጣም። ጠያቂው የራሱን ፈንክሽን ይሰጣል፤ ኢንጅኑ ሲጨርስ ይጠራዋል። በየትኛው ትሬድ እንደሚጠራው አስቀድሞ ይጻፍ። መስኮቱ ቀድሞ ቢዘጋ እንኳ ጥሪው «ተሰርዟል» ብሎ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይድረስ፤ ፓይተን ለዚያ ጥሪ ብሎ የያዘውን ሁሉ በሰላም መልቀቅ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።