«በላ» — አንድ ቃል፣ ብዙ ፍች

«በላ» ማለት ምን ማለት ነው? ይህንንማ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል ትሉን ይሆናል። እንጀራ በላ፤ ቆሎ በላ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህች ባለ ሁለት ፊደል ቃል ሥራዋ ብዙ ነው። ከእርሻ ማሳ እስከ አዲስ አበባ አስፋልት ድረስ ትዞራለች። ፍችዋን ያላወቀ ሰው ኪሱ ሊራቆት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ይህችን ቃል አብረን እንመረምራለን።

በመጀመሪያ ከምናውቀው እንነሳ። በገጠር እህሉን ነቀዝ በላው እንላለን። ምሰሶውን ምስጥ በላው። ማሳውን ጎርፍ በላው። ነቀዝና ምስጥ አፍ አላቸው። ጎርፍ አፍ የለውም፤ ቢሆንም አፈሩን ጠርጎ ስለሚወስድ በላ ተባለ። የተመታ ሰው ዱላ በላ ይባላል። በሰው ችግር ስናዝን «አንጀቴን በላው» እንላለን። ዕቁብ የደረሰው ሰውም ዕቁብ በላ ይባላል። ጥቅሙ ያለፈበት ነገር «የተበላ ዕቁብ» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው።

አሁን ወደ ከተማ እንሂድ። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና የሚባል ሰፊ መንገድ አለ። ስሙ የተወሰደው ከእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ከዊንስተን ቸርችል ነው። ከላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ከፒያሳ ተነስቶ፣ ቁልቁል እስከ ድሮው ባቡር ጣቢያ እስከ ለገሃር ይወርዳል። በመንገዱ ላይ ዋናው ፖስታ ቤትና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኛሉ።

የፒያሳ አካባቢ የቀድሞ ስሙ አራዳ ነው። የከተማው ትልቁ ገበያ እዚያ፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ ገበያውን ወደ መርካቶ አዛወሩት። ገበያ ባለበት ብልጡም የዋሁም ይገናኛል። እንግዲህ ነቃ ያለው ከተሜ «የአራዳ ልጅ» ይባላል። የከተማ ልጆች እርስ በርስ የሚግባቡበት ንግግርም «የአራዳ ቋንቋ» ይባላል።

በአራዳ ቋንቋ «ተበላ» ማለት ተታለለ ማለት ነው። «አስበላኝ» ማለት አሳልፎ ሰጠኝ ማለት ነው። በካርታ ጨዋታም ያሸነፈው በላ፣ የተሸነፈው ተበላ ይባላል።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንድ አባት ልጃቸውን ለማሳከም ከገጠር ወደ ጥቁር አንበሳ መጡ እንበል። በሬ ሸጠው ያገኙትን ብር ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረዋል። በመንገድ ዳር አንድ ሰው ሦስት ካርታ እያገላበጠ «ቀይዋን ያየ!» እያለ ይጮሃል። አንድ ወጣት ብር አስይዞ እጥፉን በላ። አባታችን አዩና ቀላል መሰላቸው። ወጣቱ የአጫዋቹ ተባባሪ መሆኑን አላወቁም። እሳቸው ሲያስይዙ ቀይዋ ካርታ የለችም። አላፊ አግዳሚው «አባባ፣ ተበሉ!» አላቸው። እሳቸውም «ምን በላሁና ልጄ? ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» ብለው መለሱ። ቃሏን ያውቋታል፤ የከተማ ፍችዋን ግን አያውቁም።

እዚህ ላይ ለንባባችንም ትምህርት አለ። በፊደላችን የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ተመሳሳይ ሆኖ ይጻፋል። «ይህ ሰው ይበላል» የሚለውን እንይ። «በ» ላልታ ከተነበበች፣ ሰውዬው ራሱ ይመገባል ማለት ነው። ጠብቃ ከተነበበች ግን ሌላው ይበላዋል ማለት ነው። ፊደሉ አንድ ነው፤ ዕጣው ለየቅል ነው። ስለዚህ ከቃሉ በፊትና በኋላ ያለውን ሁሉ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የከፋው ግን የመንገድ ዳሩ ካርታ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ሰምተናል። እዚህ ላይ መብላት ማለት በሹመት ተጠቅሞ ከሕዝብ መውሰድ ነው። በድሮው ሥርዓት ጭሰኛው ካመረተው እህል ሲሶውን፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይህች ቃል ግን አልተሻረችም። ዛሬም «ጉቦ በላ»፣ «የማኅበሩን ገንዘብ በላ» እንላለን። እንዲያ ስንል ሳናውቀው ጥፋቱን እናቀልለታለን። መብላት ነውር አይደለምና፤ የተራበ ሁሉ ይበላል። የሰውን ድርሻ መውሰድ ግን ስርቆት ነው። በስሙ ልንጠራው ይገባል።

እንግዲህ «በላ» የሚል ቃል ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ማን በላ? ምን በላ? የማንን በላ? ፊደል የቆጠረ ሰው ይህን ለመመርመር አቅም አለው። ደረሰኙን ያነባል። የማኅበሩን የሒሳብ መዝገብ ያያል። ያላነበበው ወረቀት ላይ አይፈርምም፤ ጣቱንም አያትምም። እንዲህ ያለውን ሰው አጭበርባሪ በቀላሉ አይበላውም።

ጥያቄዎች

1. «ማሳውን ጎርፍ በላው» ሲባል ምን ማለት ነው?
2. አባትዮው «ተበሉ» ሲባሉ ምን መሰላቸው?
3. «ይበላል» የሚለውን ቃል አላልታችሁና አጥብቃችሁ አንብቡ። የፍቹን ልዩነት ተናገሩ።
4. በአካባቢያችሁ «በላ» የሚለው ቃል ሌላ ምን ፍች አለው? ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።