የጄት ሞተር አፍ

ኮዬ ፈጬ ላይ በጠዋት የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ብረት ላይ የሚያርፉ ርግቦች አሉ። ዓይናቸው ዙሪያውን ቀይ ነው፤ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለባቸው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲራመዱ ሰው ያስነሳሉ። ስለ አውሮፕላን ለማስተማር ተነሥቼ ከርግብ መጀመሬ አለምክንያት አይደለም፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን። ለጊዜው ቀና በሉና ወደ ቦሌ የሚወርደውን አውሮፕላን እዩ። ክንፉ ሥር የተንጠለጠለው በርሜል የመሰለ ነገር ሞተሩ ነው። ፊት ለፊቱ ክፍት ነው። ያ ክፍት ቦታ የአየር ማስገቢያ ይባላል፤ ባለሙያዎች ኢንሌት ይሉታል። እኔ አፍ እለዋለሁ። የዛሬው ትምህርት ስለዚህ አፍ ብቻ ነው፤ ነዳጁ የሚቃጠልበትን ክፍልና ተርባይኑን ለሌላ ቀን እናቆየው።

የአፉ ሥራ ምንድን ነው ቢሉ፣ ብዙ ሰው «አየር መሰብሰብ» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ቀዳዳ ሁሉ አየር ያስገባል። የዚህ አፍ ዋና ሥራ የሚገባውን አየር ማዘግየትና ማረጋጋት ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረውን በቀላሉ ያገኘዋል።

ፈጣን አየር ለሞተር አይጠቅምም ወይ? ለምን ይዘገያል? ቢሉ፣ ከአፉ ጀርባ ፋን የሚባል ትልቅ ተሽከርካሪ አለ። የፋኑ ምላጮች እያንዳንዳቸው ትንንሽ ክንፎች ናቸው፤ ሲዞሩም ጫፋቸው በራሱ እጅግ ይፈጥናል። ቦይንግ 787 ከፍታውን ይዞ ሲጓዝ ፍጥነቱ ከድምፅ ፍጥነት 85 በመቶ ያህል ነው። አየሩ በዚያው ፍጥነት ምላጮቹ ላይ ቢወርድባቸው፣ የሁለቱ ፍጥነት ተደምሮ ምላጮቹ አየሩን መያዝ ያቅታቸዋል። ስለዚህ አየሩ ፋኑ ዘንድ ሲደርስ የድምፅን ፍጥነት ግማሽ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ፍጥነት ብቻ ይዞ እንዲደርስ ይደረጋል።

በምን ያዘገየዋል ቢሉ፣ በመስፋት። አቃቂ ወንዝን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጠባብ ቦታ ላይ ይጣደፋል፣ ሜዳ ሲያገኝ ይዝላል። አፉም ከከንፈሩ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰፋል። በዓይን እምብዛም አይታወቅም፤ ለአየሩ ግን ይበቃዋል። እንዲያውም በበረራ ላይ አየሩ መስፋት የሚጀምረው አፉ ውስጥ ሳይገባ ገና ከፊቱ ሳለ ነው፤ የተረፈው በከንፈሩ ላይ አልፎ በውጭ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ነገር አለ። አየሩ ያጣው ፍጥነት የትም አልጠፋም፤ ግፊት ሆኗል። በ787 ፍጥነት ከሆነ ፋኑ ዘንድ የደረሰው አየር ግፊቱ ከውጭው ወደ ሲሶ በሚጠጋ ጨምሯል። ይህ ሁሉ የሆነው አንድም የሚንቀሳቀስ ዕቃ በሌለበት፣ በቅርጹ ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ክፍሎች ሁሉ ሳይመሰገን የሚሠራ የትኛው ነው ብትሉኝ ይህን አፍ እጠቁማለሁ።

አሁን ነገሩን እንገልብጠው። አውሮፕላኑ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ሲያስነሣስ? ያን ጊዜ ወደ አፉ የሚመጣ አየር የለም፤ ሞተሩ ራሱ ነው የሚስበው። የሚስበውም ከፊት ብቻ አይደለም፤ ከጎንም፣ ከከንፈሩ ኋላም ጭምር ነው። ቱሉ ዲምቱ ላይ የአንበሳ አውቶቡስ በሩን ሲከፍት አስቡ። ሰው የሚገባው ከበሩ ፊት ብቻ ነው? ከግራም ከቀኝም የአውቶቡሱን ጎን ታክኮ ይመጣና በሩ ጠርዝ ላይ ይታጠፋል። አየሩም እንደዚያው ከንፈሩ ላይ ይታጠፋል። ከንፈሩ ስለታም ቢሆን መታጠፍ አቅቶት ከግድግዳው ይላቀቅና ይናወጣል። የአውሮፕላን ከንፈር ወፍራምና ክብ የሆነው ስለዚህ ነው።

ቢናወጥስ ምን ይጎዳል ቢሉ፣ ምላጮቹ የተናወጠ አየር ሲደርሳቸው መያዣ ያጣሉ። ከኋላ ታምቆ የነበረው አየር ወደፊት ይፈነዳል፤ እንደ መድፍ ይጮኻል፤ አንዳንዴም በአፉ በኩል እሳት ይታያል። ይህን ባለሙያዎች ሰርጅ ይሉታል። በኛ ቋንቋ ሞተሩ የዋጠውን ተፋ ማለት ነው።

ምን ያህል ይውጣል? የቦይንግ 737-800 አንዱ ሞተር በባሕር ወለል ከፍታ ሲነሣ በየሰከንዱ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ አየር ያስገባል። ሦስት ኩንታል መሆኑ ነው። አየር ሚዛን ላይ ይወጣል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ካለ እናስላ። አራት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ የኮንዶሚኒየም ክፍል ወደ 31 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ይህም አየር በባሕር ወለል የሦስት ኩንታሉን አንድ ስምንተኛ ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ ሞተሩ በየሰከንዱ ስምንት ክፍል ባዶ ያደርጋል። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ይመዝናል። ያው ስምንት ክፍል ቢዋጥም ሦስት ኩንታል አይሞላም። ከአዲስ አበባ የሚነሣ አውሮፕላን ረጅም ሜዳ የሚፈልግበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አየር መንገዳችን በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹን፣ ሲያመጣ ለእነርሱ የልደታ ሜዳ አጭር ነበረ፤ ቦሌም የተሠራው ለጄት ነው።

የ737ን አፍ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፤ ከታች ጠፍጣፋ ነው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የተነደፈው ለቀጫጭን ሞተሮች ስለነበረ ወገቡ ለመሬት ቅርብ ነው። በኋላ ሰፊ ሞተር ሲመጣ ክቡ አፍ መሬት ሊነካ ሆነ፤ መሐንዲሶቹም ከታች ያሉትን ዕቃዎች ወደ ጎን አዛውረው አፉን ከሥር ዳጡት። የመሬት ቅርበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በበጋ ኮዬ ፈጬ ላይ አቧራ እየዞረ ሲነሣ አይታችኋል፤ ፌስታሉንም ወረቀቱንም ይዞ ይወጣል። ሞተሩ ቆሞ ሲስብም በአፉና በመሬቱ መካከል እንዲህ ያለ ቀጭን አዙሪት ይፈጠራል። ክረምት ላይ ሜዳው ርጥብ ሲሆን ውኃውን እንደ ገመድ ሲስበው ይታያል። ጠጠርም ካገኘ ያነሣል።

ከድምፅ ለሚፈጥን አውሮፕላንስ? እዚህ የወንዙ ምሳሌ ይሰበራል። ከድምፅ የፈጠነ አየር ሥርዓቱ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሲጠብ ይዘገያል፣ ሲሰፋ ይፈጥናል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአየር ኃይላችን የነበሩት ኤፍ-86ዎች አፍንጫቸው ላይ ያለው አፍ ተራ ቀዳዳ ነው። በደርግ ዘመን የመጣው ሚግ-21 ግን አፉ መካከል ሾጣጣ አለ። ሾጣጣው ወደፊትና ወደኋላ እየተንቀሳቀሰ አየሩ በድንጋጤ ማዕበል የሚሰበርበትን ቦታ ያስተካክላል፤ ከዚያ ወዲያ የተለመደው መስፋት ይቀጥላል። ሁለቱም የሚሹት ያንኑ ዝግ ያለ አየር ነው።

አሁን ወደ ርግቦቹ። ይህን ትምህርት ባስተማርኩበት ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «አፉ ላይ ለምን ወንፊት አይደረግም?» ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ብዙ ነው። አንድም፣ ወንፊት ደመና ውስጥ በረዶ ይይዛል፤ በረዶ የያዘ ወንፊት አፉን ይዘጋል። የከንፈሩን በረዶ እንኳ ለማቅለጥ ከሞተሩ ውስጥ ትኩስ አየር እየተመለሰ ይላክለታል። አንድም፣ ያረጋጋነውን አየር ሽቦው መልሶ ይንጠዋል። አንድም፣ በዚያ ፍጥነት የመጣ ወፍ ወንፊቱን ቢሰብረው ሞተሩ ወፉንም ብረቱንም ይውጣል። ሱ-27 ተዋጊ አውሮፕላን የማስገቢያ መረብ አለው፤ እርሱም የሚዘጋው መሬት ላይ ሳለ ለጠጠር ነው፤ ወደ በረራ ሲገባ ይከፈታል። የመንገደኛ አውሮፕላን አፍ ክፍት ሆኖ ይኖራል፤ መርጦ መዋጥ አይችልም።

የዚህን ዋጋ ከፍለናል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 104 ሰዎች ጭኖ ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሲነሣ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ በረንዳችን ላይ የሚያርፉት ባለ ቀይ ዓይኖቹ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ሞተሮች ዋጧቸው። አብራሪዎቹ ወደ ባሕር ዳር ሊመለሱ ሲሞክሩ ኃይል አጥተው ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ አረፉ፤ እሳት ተነሣ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። የዚያ አውሮፕላን ሞተሮች የቀድሞዎቹ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ከሚገባው አየር ግማሽ ያህሉ በቀጥታ ነዳጁ ወደሚቃጠልበት ወደ ሞተሩ ልብ ይሄዳል። የዛሬዎቹ ሰፋፊ ሞተሮች አብዛኛውን አየር በልቡ ዙሪያ ያሳልፋሉ፤ ወፍ ሲገባም ፋኑ ወደ ዳር የመወርወር ዕድል አለው። ዕድል አልኩ እንጂ ዋስትና አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ላይ የኤርባስ ሁለት ሞተሮች የዱር ዝይ ውጠው ኃይል አጥተዋል፤ አውሮፕላኑ ሃድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። አዲስ ሞተር ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት እየሠራ ሳለ ወፍ ይተኮስበታል፤ የወፉ ክብደትና ቁጥርም የሚወሰነው በአፉ ስፋት ልክ ነው።

አፉ ክዳን የሚያገኘው አውሮፕላኑ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ብቻ ነው። አቧራና ጎጆ የሚፈልግ ወፍ እንዳይገባ ቀይ ሽፋን ይገጠምለታል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም በእጅ ይነሣል።