የቤት ሙያ ትምህርት፦ በጣሊያን ዓይነት የሚሠራ የሰላጣ ማጣፈጫ

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በየቤታችን በአምስት ደቂቃ ስለሚሠራ የሰላጣ ማጣፈጫ ነው። «በካምፕ ኑሮ ደግሞ የምን የጣሊያን ሰላጣ!» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገሩ ግን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ጥቂት ዘይትና አንድ ሎሚ በአግባቡ ከተጠቀምንባቸው ከጎመኑም ከምስሩም የምናገኘው ጥቅም ይጨምራል። ያለ ጥንቃቄ ከተሠራ ደግሞ ያው ማጣፈጫ ሰው እስከ መግደል ሊደርስ ይችላል።

ሙያው ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አቼቶ የምንለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። አዚፋ የሠራ ሰው ደግሞ ግማሹን መንገድ ሄዶታል፤ ሰናፍጩን፣ ሎሚውንና ዘይቱን አዋህዶ ምስር ላይ ማፍሰስ ያው ሥራ ነውና። ወደ አሜሪካ የሄዱ ዘመዶቻችን በየሱቁ «ኢታሊያን ድሬሲንግ» የሚል ጠርሙስ ያያሉ። ከእነዚህ ታዋቂ ከሆኑት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1948 በካንሳስ ሲቲ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ያለው ሰው ከሲሲሊ የመጡ እናቱ ያዘጋጁት በነበረው ዓይነት ለደንበኞቹ ያቀርበው የጀመረ ነው። በጣሊያን አገር ግን እንዲህ ያለ ጠርሙስ የተለመደ አይደለም። ዘይቱ፣ አቼቶውና ጨው ገበታ ላይ ይቀርባሉ፤ ሰላጣው እዚያው ይታሻል። ጣሊያኖች ለዚህ ሥራ አራት ሰው ያስፈልጋል ይላሉ፦ ለጨው ብልህ፣ ለአቼቶ ንፉግ፣ ለዘይት አባካኝ፣ ለማማሰሉ ደግሞ እብድ። እኛ ዘይት ማባከን ስለማንችል ሦስተኛውን ሰው ትተን የቀሩትን እንቅጠር።

መሠረቱ ለሦስት እጅ ዘይት አንድ እጅ አቼቶ ነው። ለስድስት ሰው ገበታ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ (በገበያችን ሲኪ የሚባለው)፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ቁንጥር ስኳርና አንድ ፍሬ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይበቃል። አቼቶ ከሌለ ሎሚ ይተካዋል፤ ሎሚ ለዘብ ስለሚል መጠኑን እስከ 3 ማንኪያ ማድረስ ይቻላል። ጣሊያኖቹ የሚጨምሩት ኦሬጋኖ የሚባለውን ቅጠል ነው። በእሱ ፋንታ ደረቅ ጦስኝ አሽታችሁ ጨምሩበት፤ በሶብላም ጣሊያኖች ከሚወዱት ባዚሊኮ ጋር ዘመዳሞች ስለሆኑ ያምርበታል።

ቅደም ተከተሉን አደራ። ጨው በዘይት ውስጥ አይሟሟም፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ጨውና ስኳሩን በአቼቶው አሟሟችሁ ቀጥሎ ሰናፍጩን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ቅጠሉን ጨምሩ። ዘይቱ በመጨረሻ ይገባል። ከዚያ በክዳን በሚዘጋ ጠርሙስ አድርጎ አጥብቆ መነቅነቅ ነው። ዘይትና አቼቶ ተፈጥሯቸው መለያየት ነው፤ ሰናፍጩ ግን ለጥቂት ጊዜ አያይዞ ያቆያቸዋል። ከተለያዩ እንደገና መነቅነቅ ነው፤ ተበላሸ ማለት አይደለም። ቅጠሉ ውኃ ካዘለ ዘይቱ አይይዘውም፤ ስለዚህ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ማጣፈጫውንም ሊበላ ሲል ብቻ አፍስሱበት፤ ቀድሞ ከፈሰሰበት ጨው ውኃውን አውጥቶ ያጠወልገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በጎመን፣ በካሮትና በሱኩማ ውስጥ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለ። ይህ ነገር ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። በደረቁ የተበላ ካሮት ጥቅሙ በአብዛኛው ያልፈናል ማለት ነው፤ አንድ ማንኪያ ዘይት ግን ያስገባዋል። በኬንያ የሚሸጥ የምግብ ዘይትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ቫይታሚን ኤ እንዲጨመርበት በሕግ ታዟል። ብርሃንና ረዥም የእሳት ጊዜ ይህን ቫይታሚን ያጠፉታል። ዘይቱን በብርጭቆ ጠርሙስ አድርገን ፀሐይ ላይ ካቆምነውና ጥብስ ላይ ደጋግመን ካቃጠልነው ለልጆቻችን ዓይን ምን ይተርፋል? ዳፍንት የሚመጣው በዚህ ቫይታሚን እጥረት ነው። ሎሚውም የራሱ ሥራ አለው፤ ከምስርና ከቦሎቄ የምናገኘው ብረት በደንብ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። እርጉዝ እናቶች ይህን ልብ በሉ፤ ከምግቡ ጋር ሻይ መጠጣት ግን ተቃራኒውን ይሠራልና አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት።

«ሎሚ ካለበት ጀርም ይሞታል» የሚለውን አባባል ግን አትመኑ። ኮምጣጣ ነገር አንዳንዱን ሊያዳክም ይችላል፤ ይሁንና ያልታጠበ ቅጠልን ንጹሕ አያደርግም። በመጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና፣ ከዚያም ቅጠሉን አንድ በአንድ ለመጠጥ በሚሆን ውኃ እጠቡ። የኮሌራ ወይም የተቅማጥ ወሬ በተሰማ ጊዜ ደግሞ ጥሬ ቅጠል ፈጽሞ ይቅር። ይህ ማለት ማጣፈጫው ይቅር ማለት አይደለም። ጣሊያኖች ራሳቸው ቅጠሉን ቀቅለው፣ አጥልለው፣ ዘይትና ሎሚ አፍስሰው ይበሉታል። ሱኩማ እንዲህ ሆኖ ገና በትኩሱ ሲቀርብ፣ እንደ እኔ ከጥሬው ይበልጣል።

የመጨረሻውና ትልቁ ማስጠንቀቂያ ስለ ነጭ ሽንኩርት ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ጣዕሙ እንዲሰርጽ ብዬ ነጭ ሽንኩርት በግማሽ ሊትር ዘይት ዘፍዝፌ አምስት ቀን ከምድጃው አጠገብ አስቀምጬ ነበር። አንዲት ነርስ ጎረቤቴ አይታ አስደፋችኝ። በዚያ ዘይት እንዴት እንዳዘንኩ! ምክንያቱን ስትነግረኝ ግን ዝም አልኩ። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር የሚይዘው ጀርም አለ፤ ዘይት ውስጥ አየር ሲያጣና ሙቀት ሲያገኝ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ መርዝ ያወጣል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1985 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ 36 ሰዎች የታመሙት በዘይት በተቀመጠ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት ማቀዝቀዣ በሞላበት አገር ነው። በካኩማ ሙቀት ነጭ ሽንኩርት ያለበት ማጣፈጫ በተሠራበት ገበታ ያልቅ፤ የተረፈው ይደፋ። እንዲህ ያለ ነገር የበላ ሰው በቀጣዮቹ ቀናት ዓይኑ ብዥ ቢልበት፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ቢታየው፣ የዓይኑ ሽፋን ቢወርድ፣ ምላሱ ቢከብድ ወይም መዋጥ ቢያቅተው ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ ይሂድ፤ የበላውንም ይናገር።

አስቀድሞ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ የሚፈልግ ደረቁን ብቻ ያዘጋጅ፦ ጨው፣ የሰናፍጭ ዱቄት፣ የደረቀ ጦስኝና በሶብላ። በደረቅ ዕቃ ተከድኖ ለሳምንታት ይቆያል። ሎሚው፣ ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ የሚጨመሩት ገበታው ሲቀርብ ነው።