ከአንድ አውራ የተወለዱ ጠቦቶች ስለ ምን በመጠን ይለያያሉ?

የመንዝ በግ አነስተኛ፣ ላታም፣ ብርድንና የመኖ እጥረትን ቻይ ነው። ሆኖም ከአንድ አውራ የተወለዱ ጠቦቶች እንኳ በስድስት ወራቸው ሲመዘኑ እኩል አይሆኑም። ልዩነቱ ከፊሉ ከእናት ወተትና ከግጦሽ፣ ከፊሉ ግን ከዘር የሚወረስ ነው። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ለፋሲካ ገበያ ቀድሞ ይሸጣል፤ ለእርባታ የሚቀረው ቀጫጫው ይሆናል። ይህም ሳይታሰብ የመንጋውን ዘር ያሳንሳል። በ2001 ዓ.ም. ገደማ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር በመንዝ የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ይህን ጭምር ለማረም ነው፤ ክብደት ይመዘገባል፣ አርቢዎችም መልኩንና ላቱን አይተው አውራውን ይመርጣሉ፣ በጋራም ይጠቀሙበታል። ሚዛን ብቻውን ግን አይበቃም። መንታ የተወለደ ጠቦት ቢቀልም በዘሩ ላያንስ ይችላልና የልደቱ ዕለትና መንታነቱ ይጻፍ። የሰበካ ጉባኤያትም በስለት የገባ መልካም ጠቦት ከመሸጣቸው በፊት የአጥቢያውን አርቢዎች እንዲያማክሩ እናሳስባለን።