የጃቫስክሪፕት ሥራን በአንድ ትእዛዝ ስለማካሄድ

በ2017 ዓ.ም. በሁለተኛው ሴሚስተር፣ ለ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ያዘጋጀነውን የክፍልፋይ መልመጃ በፍላሽ ይዤ የማስተማር ልምምድ ወደሚካሄድበት ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። መልመጃው በጃቫስክሪፕት የተሠራ ሲሆን ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል። ተማሪው መልሱን ሲመርጥ ገጹ «ትክክል» ወይም «እንደገና ሞክር» ይለዋል። ታዲያ 7ኛው ጥያቄ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጥያቄው «ከሦስት አራተኛና ከአምስት ስምንተኛ የትኛው ይበልጣል?» የሚል ነው። እሷ ሦስት አራተኛን መርጣለች፤ ገጹ ግን «እንደገና ሞክር» ይላታል። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ያው ነው። ከዚያ ደብተሯ ላይ አንድ ድፎ ዳቦ ሥላ፣ ስምንት ቦታ ቆራርጣ፣ «ቲቸር፣ ይኸው ስድስቱ፤ ይኸው ደግሞ አምስቱ» አለችኝ። ልጅቷ ትክክል ነበረች። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ ግን ኮምፒዩተሩን አምኖ፣ አምስት ስምንተኛን መርጦ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፏል።

እኔን ያስደነገጠኝ ስሕተቱ አይደለም። ስሕተቱን ከሳምንት በፊት አርመነው ነበር! አብሮኝ የሚሠራው ባልደረባዬ የመልሱን ፋይል ፈትሾ አስተካክሎታል፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ከጥያቄና ከመልስ ፋይሎች ተነሥቶ ለተማሪ የሚሆኑትን ገጾች የሚያወጣው ትእዛዝ ከእርማቱ በኋላ እንደገና አልተሰጠም። ትእዛዞቹ ከአንድ በላይ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሳምንት ለልምምድ ክትትል ከከተማ ወጥቷል። እኔ አሮጌዎቹን ገጾች ቀድቼ ሄድኩ። ይኸው ነው።

ውድ አንባብያን፣ በኮምፒዩተር ክፍላችን የምትሠሩ ዕጩ መምህራን ሁሉ ይህ ነገር እንዳይደርስባችሁ፣ ትእዛዞችን በቅደም ተከተል ጽፎ በአንድ ስም ስለመጥራት ጥቂት ላካፍላችሁ።

በመሠረቱ ጣጣው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በቤል ላብራቶሪዎች ይሠራ የነበረው ስቲቭ ጆንሰን፣ ምንም እንከን በሌለው ፕሮግራም ውስጥ ስሕተት ሲፈልግ ረፈደበት። ስሕተቱ ታርሟል፤ የታረመው ፋይል ግን እንደገና ኮምፓይል አልተደረገም። ተናዶ ለባልደረባው ለስቱዋርት ፌልድማን ቢነግረው፣ ፌልድማንም ባለፈው ምሽት በራሱ ሥራ ላይ በዚሁ ጉዳይ ሲቸገር አምሽቶ ኖሯል። ከዚህ ንዴት «ሜክ» የተባለው መሣሪያ ተወለደ። የትኛው ፋይል ከየትኛው እንደሚወጣ በአንድ ወረቀት፣ ማለትም በአንድ ፋይል፣ ይጻፋል፤ የቀረውን ሜክ ይፈጽማል። ፌልድማን ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2003 የኤሲኤምን የሶፍትዌር ሽልማት አግኝቷል። እኔም የአንድ ጧት ንዴት ነበረኝ፤ ሽልማቱ ቀረብኝ እንጂ።

ወደ ጃቫስክሪፕት ስንመጣ፣ ቋንቋው ከብራውዘር ውጭ በትእዛዝ መስኮት እንዲሠራ ያስቻለው ኖድ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ፤ ኤንፒኤም የተባለው አጋዡም በ2010 ተከተለው። ከዚያ ወዲህ በ2012 ግረንት፣ በ2013 ደግሞ ጋልፕ የተባሉ የሥራ አስኪያጅ መሣሪያዎች መጡ። ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ ግን በሬ ለማረድ የሚበቃ ቢላ ይዞ ሽንኩርት መላጥ ነው። ኖድ ሲጫን ኤንፒኤም አብሮ ይመጣል፤ በኤንፒኤም ውስጥ ያለው ትንሽ ክፍል ይበቃናል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሥራው ፎልደር ውስጥ «ፓኬጅ.ጄሶን» የሚባል ፋይል አለ። በዚያ ውስጥ «ስክሪፕትስ» የሚል ክፍል ይከፈታል፤ በግራ የሥራው ስም፣ በቀኝ ትእዛዙ ይጻፋል። በኪቦርድ ሲጻፍ ሁሉም በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ እንደሚነበበው አሰፍረዋለሁ። ለሥራዎቹ ግን የአማርኛ ስም መስጠት ማንም አይከለክልም፤ እኛም ሰጥተናል፦

«አጽዳ»፦ ኖድ አጽዳ.ጄኤስ
«ፈትሽ»፦ ኖድ --ቴስት
«ገንባ»፦ ኖድ ገንባ.ጄኤስ
«ቅዳ»፦ ኖድ ቅዳ.ጄኤስ
«አድርስ»፦ ኤንፒኤም ረን አጽዳ && ኤንፒኤም ረን ፈትሽ && ኤንፒኤም ረን ገንባ && ኤንፒኤም ረን ቅዳ

ከዚህ በኋላ በትእዛዝ መስኮቱ «ኤንፒኤም ረን አድርስ» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። «ኤንፒኤም ረን» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት ደግሞ የሥራዎቹን ስም ከነትእዛዛቸው ይዘረዝርላችኋል። ለአዲስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንንም ሳይጠይቅ ሥራው በምን በምን እንደሚያልፍ ያያል።

በትእዛዞቹ መካከል ያለው && ምልክት ተራ «እና» አይምሰላችሁ። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲጨርስ ለኮምፒዩተሩ አንድ ቁጥር ይመልሳል። ዜሮ ከሆነ «በሰላም ጨረስኩ» ማለቱ ነው፤ ሌላ ቁጥር ከሆነ አልተሳካም። && የሚቀጥለውን የሚያስጀምረው ከፊቱ ያለው ዜሮ ሲመልስ ብቻ ነው። ስለሆነም ፈትሽ ከወደቀ ገንባ አይጀምርም።

ፈትሽ ራሱ የሚሠራው ለሒሳብ መምህር ቀላል ነው። «ኖድ --ቴስት» የሚለው ትእዛዝ ኖድ ውስጥ አብሮ ያለ መፈተኛ ሲሆን፣ ለፈተና የተጻፉትን ፋይሎች ራሱ ፈልጎ ያስኬዳል። የእኛ ፋይል ሁለቱን ክፍልፋዮች አቋርጦ ያባዛል። ለ3/4 እና ለ5/8፣ 3 ሲባዛ በ8 24፣ 5 ሲባዛ በ4 ደግሞ 20 ይሆናል፤ 24 ስለሚበልጥ መልሱ ሦስት አራተኛ መሆን አለበት። የመልሱ ፋይል ሌላ የሚል ከሆነ እዚያው ይቆማል፤ የጥያቄውንም ቁጥር ይነግረናል።

አሁን ዋናውን ላውጋችሁ። ባልደረባዬ ሲመለስ አብረን ተቀምጠን «እስቲ ትእዛዞቹን ንገረኝ፣ ልጻፍ» አልኩት። «ሦስት ናቸው» አለኝ፤ ፈትሽ፣ ገንባ፣ ቅዳ። ጻፍን፣ አስኬድን፣ ሁሉም በሰላም አለቀ። ግን ከመልመጃው ካወጣነው ብዙ ቀን የሆነው 12ኛው ጥያቄ ለትምህርት ቤት በተዘጋጀው ፎልደር ውስጥ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ግራ ገባን። በኋላ ነው እሱ ግንባሩን የመታው። ለካ ሁልጊዜ ከመጀመሩ በፊት የድሮዎቹን ገጾች በማውስ መርጦ ያጠፋ ኖሯል! ይህን ሲያደርግ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እንደ ትእዛዝ አድርጎ ግን ቆጥሮት አያውቅም። አጽዳ የተጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራውን በፋይል ባንጽፈው ኖሮ አራተኛ ደረጃ መኖሩን እሱም አያውቀውም ነበር።

አጽዳ ከሁሉ ፊት የተቀመጠውም በማሰብ ነው። በመጀመሪያ ፈትሽን አስቀድመን ነበር። እንዲያ ሲሆን ግን ፈተናው ከወደቀ አሮጌዎቹ ገጾች በፎልደሩ ውስጥ እንዳሉ ይቀራሉ፤ የቸኮለ ሰው፣ እኔን የመሰለ፣ አንሥቶ ይሄዳል። አሁን ፈተናው ሲወድቅ ፎልደሩ ባዶ ነው። ባዶ ፎልደር በፍላሽ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፓኬጅ.ጄሶን በነጠላ ሰረዝ ረገድ ቁጡ ነው፤ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ይፈልጋል፣ በመጨረሻው መስመር ላይ ግን ብታደርጉ ፋይሉን በሙሉ አልቀበልም ይላል። ከዎርድ ላይ ቀድታችሁ የምትለጥፉት የተጠማዘዘ የጥቅስ ምልክትም አይገባውም፤ ቀጥ ያለው ብቻ ነው የሚሆነው።

ሌላው የዊንዶውስና የኡቡንቱ ነገር ነው። በክፍላችን ሁለቱም ዓይነት ኮምፒዩተሮች አሉ። ኤንፒኤም ትእዛዙን በዊንዶውስ ላይ ለዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት፣ በኡቡንቱ ላይ ለኡቡንቱው ስለሚሰጠው፣ በአንዱ ፋይል የሚያጠፋው ትእዛዝ በሌላው «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ይባላል። ስለዚህ ማጥፋቱንና መቅዳቱን በትናንሽ የጃቫስክሪፕት ፋይሎች ጻፍናቸው፤ ኖድ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ይሠራላቸዋል። አጽዳ.ጄኤስ አምስት መስመር እንኳን አይሞላም።

በመጻሕፍት ላይ «ፕሪ» የሚል ቅጥያም ታገኛላችሁ። «ፕሪገንባ» የሚል ሥራ ብትጽፉ፣ ገንባ በተጠራ ቁጥር ኤንፒኤም ራሱ ያስቀድመዋል። ያምራል፤ እኔ ግን አልወደውም። የአድርስን መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው ከኋላ የሚሠራውን አያየውም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው በኖድ 22 «ኖድ --ረን» የሚል አዲስ ፈጣን ትእዛዝ መጥቷል፤ እሱ እነዚህን ቅጥያዎች ጨርሶ አይመለከታቸውም። በግልጽ በ&& የተያያዘው በየትኛውም በኩል ቢጠራ አይሳሳትም።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ ምን ይሆናል? ለሚለው፣ «ኤንፒኤም ረን» ኢንተርኔት አይፈልግም። የሚፈልገው ከውጭ የሚመጣ ነገር የሚያወርደው «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ነው። የእኛ ሥራ ከኖድ በቀር ከውጭ ያስመጣው ነገር ስለሌለ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀንም ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ግን እንደማንኛውም ሰው ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

በሚቀጥለው ሳምንት በአድርስ የወጡትን ገጾች ይዘን ወደዚያው ክፍል ተመለስን። ልጅቷ 7ኛውን ጥያቄ በአንድ ጊዜ አለፈች። ከጎኗ ያለው ልጅ ግን «ባለፈው አምስት ስምንተኛ ነበር እኮ!» ብሎ ተከራከረን፤ ኮምፒዩተሩ ነግሮት የለ! እሱን ለማሳመን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜና ሦስት የዳቦ ሥዕል ፈጀብን።