ቁርጥማት መስሎ የሚመጣ በሽታ

በአንድ የገጠር ቀበሌ የምትኖር አንዲት እናት ጡቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት አገኘች። እብጠቷ ስላላመመቻት ለማንም አልተናገረችም። ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ በኋላ ወገቧን ያማት ጀመር። ጎረቤቶቿ፣ «ብርድ ነው፤ ቁርጥማት ነው» አሏት። ወጌሻም አሻት። ሕመሙ ግን ባሰ፤ ሌሊት እንቅልፍ ነሳት። ቆይቶም ግንባሯ ላይ ጠንካራ እባጭ ወጣ። ልጇ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ሐኪሙ ወገቧንና ራሷን ከመረመረ በኋላ፣ «እማማ፣ ጡትዎ ላይ እብጠት አለ ወይ?» ሲል ጠየቃት።

ሐኪሙ ይህን ለምን ጠየቀ?

ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እነዚህም ሴል ይባላሉ። ጤነኛ ሴሎች በሥርዓት ይራባሉ። አንዳንድ ሴሎች ሥርዓት አፍርሰው ያለ ልክ ሲራቡ ካንሰር ይባላል። ካንሰር እንደ አረም ነው። አረም በጊዜ ካልተነቀለ ዘሩን ጎርፍ ወስዶ ሌላ ማሳ ላይ ይጥለዋል። የካንሰር ሴሎችም በደም ተወስደው አጥንት ላይ ያርፋሉ። የጡት፣ የሳንባ፣ የኩላሊት፣ እንዲሁም በወንዶች ከፊኛ በታች ያለው የፕሮስቴት ዕጢ ካንሰር ወደ አጥንት ይዛመታል። አከርካሪን፣ ጎድንን፣ ዳሌን፣ ጭንንና የራስ ቅልን ይይዛል።

በገብስ ማሳ የወደቀ የስንዴ ዘር ስንዴ እንጂ ገብስ አያበቅልም። ከጡት ተነሥቶ የራስ ቅል ላይ ያረፈ ካንሰርም የጡት ካንሰር ነው። መድኃኒቱ የሚመረጠው ምንጩ ሲታወቅ ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

አጥንትን ሌሊትም ሲያርፉም የማይለቅ ሕመም ያመዋል። አጥንቱ ስለሚሳሳ በትንሽ ነገር ይሰበራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሕመም ወጌሻ ማሸት የለበትም። እግር ከዛለ ወይም ሽንት አልታዘዝ ካለ አከርካሪው ውስጥ ያለው ነርቭ ተጨቁኖ ይሆናል። ያን ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ማደር አያስፈልግም፤ በቃሬዛም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። እርግጥ የወገብ ሕመም ሁሉ፣ እባጭም ሁሉ ካንሰር አይደለም። ለይቶ የሚነግረን ምርመራ ነው።

አንዳንድ ሰው ካንሰርን ነቀርሳ ይለዋል። የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቲቢ በትንፋሽ ይተላለፋል። ካንሰር ግን አይተላለፍም። ስለዚህ በሽተኛውን ማግለል ስሕተት ነው።

ሕክምናስ አለው?

አጥንት ውስጥ የገባን ካንሰር ጨርሶ መንቀል ብዙ ጊዜ አይቻልም። ነገር ግን በጨረር ሕክምና ሕመሙን ማብረድ ይቻላል። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህ ሕክምና ይሰጣል። ዕድሜ የሚያራዝም፣ አጥንት የሚያጠነክር፣ ሕመም የሚያስታግሥም መድኃኒት አለ።

ያቺ እናት በጨረር ከታከመች በኋላ እንቅልፍ አገኘች። ሴት ልጇንም ጠርታ፣ «እኔ ዝም ብዬ ተጎዳሁ። አንቺ እብጠት ካገኘሽ አትደብቂ» አለቻት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

ጥያቄዎች
1. ሐኪሙ ስለ ጡቷ የጠየቃት ለምንድን ነው?
2. ካንሰርና ቲቢ በምን ይለያያሉ?
3. ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?