ማወቅ ያለብዎ፦ ቡታጋዝ ወደ ቤት ከማስገባትዎ በፊት

ኡም ጋርጉር ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት ለኤርትራውያን ስደተኞች የተቋቋመ፣ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ያለ መጠለያ ነው። እዚያ ቤት ለቤት እየዞረ ምድጃ የሚፈትሽ ባለሙያ መጠበቅ አይቻልም፤ ከድንበሩ ወዲህ መተማም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ከእንጨትና ከከሰል ወደ ቡታጋዝ ለመሻገር ካሰቡ፣ ከሲሊንደሩ ዋጋ በፊት መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ "ማን ይፈትሸዋል?" የሚለው ነው። የሚፈትሹት እርስዎ ነዎት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ይደገማል።

የት ያቆሙታል?

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የቡታጋዝ ጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው፣ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈተልክ እንደ ጭስ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት ሄዶ ጥግና ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ከአየሩ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ከደረሰ አንዲት ክብሪት ትበቃዋለች። በሩ የተዘጋ የሳር ጎጆ ለዚህ የከፋው ቦታ ነው። የሚሻለው ራኩባ ሥር ነው፤ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያገኘዋል። ሆኖም የራኩባም ክዳን ሳር ነውና ምድጃው ዝቅ ይበል፣ በዙሪያውም የተንጠለጠለ ሳርና ጨርቅ አይኑር።

መሬቱንም ይዩት። የገዳሪፍ መረሬ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ ሲሊንደር ዛሬ ያዘነብላል። ሲሊንደር ከተጋደመ በጋዙ ፋንታ ፈሳሹ ወደ ጎማው ይገባል፣ ያ ፈሳሽ ደግሞ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያኑሩለት። ጥላም ያስፈልገዋል፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል።

ሲረከቡስ?

ሱዳኖች አምቡባ የሚሉት የተለመደው ሲሊንደር 12.5 ኪሎ ጋዝ ይይዛል። የባዶው ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጾ ያገኙታል፤ ያንን ከ12.5 ጋር ደምረው ያስመዝኑ። ቢጎድል የሚጎዳው ኪስዎ ነው። ቢበልጥ ግን ፈሳሹ በሙቀት የሚሰፋበት ቦታ ያጣል፣ አይቀበሉት። ካርቱም አጠገብ ያለው የጃይሊ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 በጀመረው ጦርነት ሥራ ካቆመ ወዲህ ጋዝ እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲጠፋ ደግሞ ያገኙትን ሳያዩ ተሸክሞ መሄድ ይመጣል። ቢቸኩሉም እንኳ ክፉኛ የዛገ፣ የተሰረጎደ ወይም ቫልቩ የተንጋደደ ሲሊንደር ይመልሱ።

የሳሙና ውሃ

ግማሽ ኩባያ ውሃ ላይ ኦሞ በጥብጠው አረፋ ያውጡለት። ምድጃው እንደጠፋ፣ በአካባቢውም እሳት ሳይኖር ቫልቩን ይክፈቱ። ከዚያ አረፋውን በጨርቅ እየነከሩ ሬጉሌተሩ ቫልቩ ላይ የሚገጥምበትን፣ የጎማውን ሁለት ጫፍና ፋሸታው የታሰረበትን ሁሉ ይቀቡ። አይቸኩሉ፣ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። ደህና ከሆነ አረፋው ቀስ እያለ ይሟሽሻል። ካፈተለከ ግን ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ ዓይን ያወጣል፤ ያው አንድ ቦታ እየፈነዳ መልሶ ያብጣል። ያኔ ቫልቩን ይዝጉ፣ የሬጉሌተሩን ጎሚኒ ይቀይሩ፣ ፋሸታውን ያጥብቁና እንደገና ይቀቡ። ጎማውን በጣትዎ ሲያጥፉት ከተሰነጣጠቀ ዕድሜው አልቋል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካዩ እባክዎ ያስቁሙት።

ነበልባሉ ሰማያዊ ይሁን። ቢጫ ከሆነና የድስቱን ቂጥ ካጠቆረ በቂ አየር አላገኘም ማለት ነው፤ ሀቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ካለፈ በኋላ የምድጃው ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፣ ያጽዷቸው።

ራስ ምታቱ ወባ ነው?

ቡታጋዝ ስለገባ ከሰል ከቤት አይወጣም፤ ቡናው አሁንም ፈርኔሎ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ወይም የታኅሣሥ ሌሊት ሲበርድ ፍሙ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሩም ይዘጋል። ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚይዘው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። አየር ያጣ የጋዝ ምድጃም ይህንኑ ያወጣል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ያሳጣል። ገዳሪፍ ላይ ይህን የሚሰማ ሁሉ ወባ ያስባል። ትኩሳት ከሌለ፣ የቤቱ ሰው አንድ ላይ ከታመመ፣ ውጭ ሲወጡም ከቀለላቸው መጀመሪያ እሳቱን ይጠርጥሩ። ሁሉንም ወደ አየር ያውጡ፣ ቶሎም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

የጋዝ ሽታ ከመጣ

የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ሲሸትዎ ክብሪት አይጫሩ፣ መብራት አያብሩም አያጥፉም፣ ስልክም እዚያው አይነካኩ። ልጆቹን ያስወጡ፣ ቫልቩን ይዝጉ፣ በሩን ወለል አድርገው ይክፈቱ። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ እሳት አይለኮስ፤ የጎረቤትም ቢሆን።

ሲሊንደሩን የሚያቆሙበት ነፋሻ ጥላ ከሌለዎ፣ ወይም ከሲሊንደሩ ዋጋ በላይ ለአዲስ ጎማና ለደህና ሬጉሌተር የሚሆን ገንዘብ ካልተረፈዎ፣ ግዢውን ለሌላ ወር ያቆዩት። እስከዚያ ከሰሉን በረንዳ ላይ ያንድዱ፤ ወደ መኝታ ቤት አያስገቡት።